ከሙግት በኋላ የመጣ ምስጋና፦ የጆን ደን የሕመም መጽሐፍ

ሕመምተኛ «እንዴት አደርክ?» ተብሎ ሲጠየቅ፣ ሌሊቱን ሲቃትት ያደረ እንኳ ቢሆን፣ መልሱ «እግዚአብሔር ይመስገን» ነው። ይህ ቃል ከእምነት የመነጨ ነው ወይስ ከልማድ? በደዌ መካከል ስለ ታደሰ እምነት የሚጻፍ ማንኛውም ድርሰት ከዚህ ጥያቄ ጋር መፋጠጡ አይቀርም። እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ደን እ.ኤ.አ. በ1624 ያሳተመው የዝርው መጽሐፍ ጥያቄውን ሳይሸሽ ከተጋፈጡት ጥቂት ሥራዎች አንዱ ነው።

በ1572 የተወለደውና በ1631 ያረፈው ደን በወጣትነቱ የፍቅር ግጥም ደራሲ ነበር። በ1615 ክህነት ተቀበለ፤ ከ1621 ጀምሮ የለንደኑ የቅዱስ ጳውሎስ ካቴድራል አስተዳዳሪ ሆነ። በ1623 መገባደጃ ብርቱ ትኩሳት ጥሎት ከሞት አፋፍ አደረሰው። መጽሐፉ የዚህን ሕመም ጉዞ በ23 ክፍሎች ይከተላል፤ የመጀመሪያው የሕመም ስሜት፣ አልጋ ላይ መዋል፣ የሐኪሙ መምጣት፣ ቀጥሎም የሐኪሙ ራሱ መፍራት እያለ ይወርዳል።

እያንዳንዱ ክፍል ሦስት እርከን አለው፤ ማሰላሰል፣ ሙግትና ጸሎት። በተውኔት ቋንቋ ብንናገር ግጭቱ ያለው በመካከለኛው እርከን ላይ ነው። ደን ከማሰላሰል ወደ ጸሎት በአንድ ጊዜ አይሻገርም። አስቀድሞ አምላኩን ፊት ለፊት ይጠይቃል፤ ቅዱሳት መጻሕፍትን ምስክር እየጠራ ይከራከራል። ጸሎቱ የሚታመነው ከዚህ ክርክር በኋላ ስለሚመጣ ነው። ይህ አካሄድ ለእኛ አንባቢ እንግዳ አይደለም። ዳዊት የደገመ ሁሉ ከመዝሙሩ ጋር በሚገኙት የነቢያት ጸሎቶች ውስጥ፣ ታሞ ለሞት ቀርቦ የነበረውን የንጉሥ ሕዝቅያስን ጸሎት ያውቃል። እርሱም ከሰቆቃ ተነሥቶ ወደ ምስጋና ይደርሳል እንጂ ከምስጋና አይጀምርም።

የደን እምነት በራሱ ነፍስ ጉዳይ ብቻ ታጥሮም አልቀረም። በ7ኛው ክፍል ሐኪሞች በዙሪያው ሲበዙ፣ ሐሳቡ ከእርሱ ይልቅ ታመው በገለባ ላይ ወደ ወደቁትና ረዳት ወደሌላቸው ድሆች ይሄዳል። ከ16ኛው እስከ 18ኛው ባሉት ክፍሎች ደግሞ ከጎረቤት ቤተ ክርስቲያን የሞት ደወል ይሰማል፤ የማያውቀው ሰው ሞት የራሱ ሞት ሆኖ ይሰማዋል። ኧርነስት ሄሚንግዌይ በ1940 ስለ ስፔን የእርስ በርስ ጦርነት ላሳተመው ልቦለድ ርእስ የወሰደው ከ17ኛው ክፍል ነው። የአንድ ካህን የአልጋ ላይ ሐሳብ ከሦስት መቶ ዓመታት በኋላ ለጦር ሜዳ ታሪክ ስም ለመሆን የበቃው፣ የሰው ልጅ አንዱ የሌላው አካል መሆኑን ስላስተዋለ ነው።

ጉድለትም አለበት። ምሳሌ በምሳሌ ላይ እየተደራረበ ሕመሙን የሚሸፍንባቸው ገጾች ጥቂት አይደሉም። ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ደን ንጉሡ የራሱን ሐኪም የላከለት፣ መጽሐፉንም ለአልጋ ወራሹ ለቻርልስ ያበረከተ የሥርዓቱ ሰው ነበር። ድሆቹን በርኅራኄ ያስባል፤ ሐኪም ያሳጣቸውን ሥርዓት ግን አይመረምርም። ርኅራኄው እውነተኛ ቢሆንም ከአልጋው ጫፍ አልፎ አልሄደም።

ሆኖም የመጽሐፉ መዝጊያ ይህን ጉድለት የሚያስረሳ ባይሆን እንኳ የሚያካክስ ነው። በ21ኛው ክፍል ሕመምተኛው ከአልጋው ይነሣል። ተራ ደራሲ ቢሆን እዚህ ላይ አመስግኖ በጨረሰ ነበር። ደን ግን እስከ 23ኛው ክፍል ይቀጥላል፤ በዚያም ሐኪሞቹ በሽታው እንዳያገረሽ ያስጠነቅቁታል፤ መጽሐፉም በዚሁ ስጋት ላይ ይፈጸማል። ስለዚህ ምስጋናው ለተገኘ ጤና የተከፈለ ውለታ አይደለም፤ ነገ ምን እንደሚያመጣ የማያውቅ ሰው ዛሬን በእጁ ይዞ የሚያቀርበው ነው።

ለኛ ደራስያን ትምህርቱ እዚህ ላይ ነው። በመድረክም ሆነ በግጥም፣ ሕመምተኛን «ተመስገን» ከማሰኘታችን በፊት ሙግቱን ሙሉ በሙሉ እንዲሟገት እንፍቀድለት። ተመልካቹ ጥያቄውን ከሰማ ምስጋናውን ያምናል፤ ካልሰማ ግን ልማድ ብሎ ያልፈዋል።