አራቱ ትንንሽ መብራቶች

አዲስ ማዘርቦርድ ምን ያህል በጥንቃቄ እንደተሠራ የሚታወቀው አልነሳ ሲል ነው። ደህና ሲሠራማ ርካሹም ውዱም ዊንዶውስን ይከፍታል፤ የገዢውም ዓይን የሚያርፈው በሚያብለጨልጨው ባለቀለም መብራትና ለጌጥ በተቀረጸው ብረት ላይ ነው። ዕቃው ሁሉ ተገጣጥሞ፣ ማስነሻው ተጭኖ፣ ፋኑ እየዞረ ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ሲቀር ግን የቦርዱ ሠሪ አስቀድሞ ያሰበውና ያላሰበው ነገር አንድ በአንድ ይገለጣል። በተለይ ቦርዱ ከዱባይ በዘመድ ሻንጣ መጥቶ አዲስ አበባ ላይ ሲገጠም፣ «መልሼ ልቀይረው» ማለት ቀላል ስላልሆነ፣ ችግሩን ለይቶ ማወቅ ግድ ይሆናል።

«ፋን ከዞረማ ኃይል አለ» ይላል ብዙ ሰው። ግማሹ እውነት ነው። ማስነሻው ራሱ ኃይል አያስተላልፍም፤ ሁለት ቀጫጭን እግሮችን ለቅጽበት ያገናኛል፣ በቃ። ቦርዱ ይህን ሲያይ በትልቁ ባለ24 ማያያዣ ውስጥ ያለውን 16ኛውን አረንጓዴ ሽቦ ከግራውንድ ጋር ያገናኘዋል፤ ፓወር ሰፕላዩ የሚነቃው በዚህ ነው። (ዛሬ ዛሬ ብዙ ጊዜ ሽቦው ሁሉ ጥቁር ስለሚሠራ ቀለሙን መፈለግ ከንቱ ነው፤ ቦታው ግን ያው ነው።) ፓወር ሰፕላዩ ነቅቶም ወዲያው እሺ አይልም። ቮልቴጆቹ ከረጉ በኋላ ከ100 እስከ 500 ሚሊሰከንድ ቆይቶ በ8ኛው ሽቦ «ረግቻለሁ» የሚል ምልክት ይልካል። ያ ምልክት እስኪደርስ ቦርዱ ፕሮሰሰሩን በሪሴት ይዞ ያቆየዋል። ፋኑ ግን ይህን ሁሉ አይጠብቅም፤ 12 ቮልት ካገኘ ይዞራል። ስለዚህ የፋን መዞር ስለ ፕሮሰሰሩ የሚነግረን እምብዛም ነው።

ፕሮሰሰሩ የሚፈልገው 1.2 ቮልት አካባቢ ነው። 120 ዋት በ1.2 ቮልት ሲበላ 100 አምፔር ይሆናል፤ ይህ ሁሉ ጅረት የሚገባው በእጅ መዳፍ ላይ ወደሚቀመጥ ስስ ቁራጭ ነው። 12ቱን ቮልት ወደ 1.2 የሚያወርዱት በፕሮሰሰሩ ሶኬት ዙሪያ የተደረደሩት ጥቋቁር ባለአራት ማዕዘን ኮይሎችና በሙቀት ማውጫው ብረት ሥር የተደበቁት ትራንዚስተሮች ናቸው። ሁሉም በአንድ ጊዜ አይሠሩም። በገጠር በሽተኛ በቃሬዛ እንደሚሸከሙ ሰዎች እየተቀባበሉ፣ አንዱ ትከሻውን ሲያሳርፍ ሌላው እየገባ፣ በሰከንድ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይፈራረቃሉ። የዚህ መስመር በር በላይኛው ግራ ጥግ ያለው ባለ8 ማያያዣ ነው። እሱ ከተረሳ ፋኑ ይዞራል፣ ጌጡ ይበራል፣ ፕሮሰሰሩ ግን ምንም አያገኝም። የኬዙ ጣሪያ ስለሚጋርደው ማቀዝቀዣው ከገባ በኋላ ጣት አይደርስበትም፤ ገጣጣሚ ሁሉ ይረግመዋል። እኔ ግን ሠሪዎቹ ልክ ናቸው እላለሁ። በ100 አምፔር ጊዜ እያንዳንዱ ሴንቲ ሜትር መዳብ ሙቀት ስለሚያፈልቅ መቀየሪያው ከፕሮሰሰሩ አጠገብ መቀመጥ አለበት፤ ማያያዣውም ከመቀየሪያው መራቅ አይችልም።

አሁን ወደ መብራቶቹ። በብዙ ቦርዶች ቀኝ ጠርዝ ላይ የሩዝ ፍሬ እንኳ የማያክሉ አራት መብራቶች አሉ፤ ከጎናቸው በደቃቅ ጽሕፈት ሲፒዩ፣ ዲራም፣ ቪጂኤ፣ ቡት ተብሎ ተጽፏል። ቦርዱ ሲነሳ በተራ ይበራሉ፣ በተራ ይጠፋሉ። አንዱ በርቶ ከቀረ ፍተሻው እዚያ ቆሟል ማለት ነው። ቅደም ተከተሉ በዘፈቀደ የተመረጠ አይደለም፤ ያለ ፕሮሰሰር ሜሞሪን መፈተሽ፣ ያለ ሜሞሪ ግራፊክስን ማዘጋጀት አይቻልም። ሐሳቡም የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1984 የወጣው የአይቢኤም ፒሲ ኤቲ ባዮስ እያንዳንዱን የፍተሻ ደረጃ ሲያልፍ 80 በሚባል ወደብ ላይ ቁጥር ይጽፍ ነበር፤ ጠጋኙ ቁጥሩን የምታሳይ ካርድ ሰክቶ ያነበዋል። ዛሬ ውድ ቦርዶች ያንን ቁጥር በሁለት አሃዝ እዚያው ላያቸው ላይ ያሳያሉ። በብዙዎቹ ላይ 55 ሆኖ ከቆመ «ሜሞሪ አላገኘሁም» ማለት ነው። ርካሾቹ ላይ ግን ሁለቱ አሃዝ ይቀርና ባለቀለሙ ጌጥ ይተርፋል። ይህን ምርጫ አልወደውም። ጌጡ ለፎቶ ነው፤ ሁለቱ አሃዝ ግን የአንድ ሙሉ ቀን ልፋት ያስቀራሉ።

አዲስ ቦርድ ላይ ብዙ ጊዜ በርቶ የሚቀረው የሜሞሪው መብራት ነው። የሥራው ጥበብም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል። ቦርዱን ወደ ብርሃን አዘንብሎ በሶኬቱና በራም ማስገቢያዎቹ መካከል ላየ ሰው፣ ከቀለሙ ሥር ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች ይታያሉ። አንዳንዶቹ ቀጥ ብለው ይሄዳሉ፤ አንዳንዶቹ ግን መንገዱ ክፍት ሆኖ ሳለ እየተጠማዘዙ ይዞራሉ። መዞራቸው ለውበት አይደለም፤ ቅርብ ያለው መስመር ሩቅ ካለው ጋር ርዝመቱ እንዲስተካከል ሆን ተብሎ ተጠማዝዟል። ምልክት በቦርዱ ውስጥ በአንድ ናኖሰከንድ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ይጓዛል። 6000 በሚባለው ዲዲአር5 ራም አንዷ ቢት የምትቆየው ከናኖሰከንድ አንድ ስድስተኛውን ብቻ ነው፤ በዚያ ጊዜ ምልክቱ 2.5 ሴንቲ ሜትር ይሄዳል። አብረው መድረስ ካለባቸው መስመሮች አንዱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢረዝም እንኳ ከዚያች አጭር ጊዜ ላይ ይቀንሳል። እነዚህን ጠመዝማዞች የሣለው ሰው ሥራ በሙቀት ማውጫና በፕላስቲክ ተሸፍኖ ሲሸጥ ያሳዝነኛል።

ሁለት ራም ብቻ ያለው ሰው ከፕሮሰሰሩ ተቆጥሮ 2ኛውና 4ኛው ማስገቢያ ውስጥ እንዲሰካ የሚታዘዘውም ለምልክቱ ጥራት ሲባል ነው። በብዙ ቦርዶች መስመሩ መጀመሪያ ቅርቡን ማስገቢያ አልፎ ወደ ሩቁ ይደርሳል። ራሙ ቅርቡ ላይ ቢሰካ ከእሱ ወዲያ ባዶ የመዳብ ጭራ ይቀራል፤ ምልክቱ እዚያ ጫፍ ደርሶ ተመልሶ ይመጣና ተከታዩን ያደፈርሰዋል። የሚያሳዝነው ይህ ትእዛዝ ብዙውን ጊዜ ቦርዱ ላይ በደብዛዛ ግራጫ ቀለም መጻፉ ነው።

ከዚያ ትዕግሥት ይጠይቃል። ኤኤምዲ እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው ኤኤም5 ሶኬት ላይ የተሠራ ኮምፒውተር መጀመሪያ ሲነሳ ለደቂቃዎች ጥቁር ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ቦርዱ በዚያ ጊዜ ሥራ ላይ ነው፤ የእያንዳንዱን መስመር መዘግየት በጥቂት በጥቂቱ እያስተካከለ፣ ቢቱ በትክክል የሚነበብበትን ቅጽበት ይፈልጋል። በመዳብ የተሠራው ትክክለኛነት የጎደለው በዚህ ይሟላል። ቸኩሎ ያጠፋ ሰው ያንኑ ልፋት ከመጀመሪያው ያስጀምረዋል።

ካልሆነስ? ጎበዝ ባለሙያ አንድ ራም ብቻ ያስቀርና ከማስገቢያ ማስገቢያ ያዘዋውረዋል። አንዱ ራም በየትኛውም ማስገቢያ እምቢ ካለ ራሙ ነው። ሁለቱም ራሞች በግራ በኩል ሠርተው በቀኝ ጥንድ ላይ እምቢ ካሉ ግን ዓይን ከራሙ ይነሳል፤ የሜሞሪው አንድ ቻነል ከፕሮሰሰሩ ጋር አልተገናኘም ማለት ነውና የሚፈተሸው ሶኬቱ ይሆናል።

ሶኬቱን መክፈት ልብ ይፈልጋል። ኤኤም5 ላይ በወርቅ የተለበጡ 1718 ትንንሽ እግሮች አሉ፤ ሁሉም ዘንበል ብለው እንደ ስፕሪንግ ይተጣጠፋሉ። አንዱን ከሌላው ለይቶ ለማየት መሞከር ዓይንን ያደክማል። አንድ የማውቀው ጠጋኝ እግሮቹን አያይም፤ ብርሃኑን ነው የሚያየው። የስልኩን መብራት በአግድም ይዞ ከጎን ወደ ጎን ያንሸራትተዋል። ረድፉ እኩል ከሆነ ብልጭታው ሳይቆራረጥ ያልፋል፤ አንድ እግር ከጎበጠ እዚያ ላይ ብልጭታው ይሰበራል። ከዚያ ማጉያ መነጽር፣ ከዚያ ቀጭን መርፌ። እግሩን ወደ ላይ አይጎትትም፤ ከጉብጠቱ ሥር ገብቶ ወደ ጎረቤቶቹ ዝንባሌ ቀስ እያለ ይመልሰዋል፣ በየመሃሉም ብርሃኑን ደግሞ ያሳልፋል። ትንፋሹን እንኳ ወደ ጎን ነው የሚያወጣው።

ሶኬቱም ደህና ከሆነ ቦርዱ ከኬዙ ይወጣና በራሱ ካርቶን ላይ ይቀመጣል። ፕሮሰሰር፣ ማቀዝቀዣ፣ አንድ ራም፣ ሁለቱ የኃይል ማያያዣዎች፤ ሌላ ምንም። ማስነሻ ስለሌለ የእሱ ገመድ የሚሰካባቸው ሁለት እግሮች በካቻቢቴ ጫፍ ይነካሉ። በካርቶኑ ላይ ከተነሳ ጥፋቱ ኬዙ ውስጥ ነበር፤ ለምሳሌ ቀዳዳ በሌለበት ቦታ የተረሳ የናስ ማቆሚያ የቦርዱን ጀርባ ሾርት አድርጎት ይሆናል።

ማያያዣዎቹን በተመለከተ አንድ የምወደው ነገር አለ። የፊት ለፊቱ ዩኤስቢ 2 እና የድምፁ መሰኪያ ሁለቱም ባለአሥር ሆነው ዘጠኝ እግር ብቻ አላቸው፤ የጎደለው እግር ቦታ ግን ይለያያል። አንዱን በሌላው ቦታ መሰካት አይቻልም። የማስነሻው ገመድ ግን ዛሬም በደቃቅ ፊደል ላይ ተፈልጎ የሚሰካ ነው፤ በአንድ እግር ስቶ የተሰካ እንደሆነ ደህናው ቦርድ የሞተ ይመስላል።

ፕሮሰሰሩ ከቦርዱ ባዮስ በኋላ የወጣ ከሆነ ደግሞ የሲፒዩው መብራት በርቶ ሊቀር ይችላል። ድሮ መፍትሔው አሮጌ ፕሮሰሰር መዋስ ነበር። አሁን በብዙ ቦርዶች ጀርባ ምልክት የተደረገበት የዩኤስቢ ቀዳዳና አንድ ቁልፍ አለ፤ ፕሮሰሰርም ራምም ሳይኖር፣ በፍላሽ የመጣውን አዲስ ባዮስ አንድ ትንሽ ቺፕ ለብቻዋ ትጽፈዋለች። ፋይሉ ግን መመሪያው ያዘዘውን ስም መያዝ አለበት፤ አለዚያ መብራቷ ጥቂት ብልጭ ብልጭ ብላ ዝም ትላለች።

በመጨረሻ ሦስቱ መብራቶች ጠፍተው አራተኛው፣ ቡት የሚለው፣ በርቶ ሲቀር ብዙ ሰው ይደነግጣል። ብዙ ጊዜ አዲሱ ዲስክ ባዶ ስለሆነ ነው። ዊንዶውስ ያለበትን ፍላሽ መሰካት ይበቃል።