የጓዳ ውሃ ለጓሮ

የካ ውስጥ፣ ከእንጦጦ ግርጌ ጓሮ ያለው ሰው ጥቅምት ሲገባ ስለ ውሃ ማሰብ ይጀምራል። ከዚያ እስከ በልግ ዝናቡ ይጠፋል፤ የቧንቧው ውሃ በፈረቃ ነው። በጀሪካን የተጠራቀመውን ለጎመን ማፍሰስ ደግሞ ቤተሰብ ያጣላል። ስለዚህ ጎመኑ የጓዳውን ትራፊ ይጠጣል።

ብዙ ሰው ሙያው ማጠጣቱ ላይ ይመስለዋል። እኔ ግን ሳፋው ላይ ነው እላለሁ፤ ውሃው ሳይቀላቀል። ምስር፣ ድንችና ቆስጣ የታጠቡበት በቀጥታ ወደ መደቡ ይሄዳል። ጨው ያልገባበት የድንች ቅቅል ውሃም ከበረደ ደህና ነው። ላርጎና ቅባት የበዛበት የዕቃ እጣቢ ወደ ፍሳሽ፤ ማለቅለቂያው ለጽጌረዳው። በረኪና የነካው ጓሮ አይደርስም።

የሚፈትነው የበዓል ዋዜማ ነው። ዶሮ በጨውና በሎሚ ተደጋግሞ ሲታጠብ ስንት ሳፋ ውሃ እንደሚወጣው ያጠበች ታውቃለች። ያን ሁሉ መድፋት ያንገበግባል፤ ደም ስላለበት ማዳበሪያ ይሆናል የሚሉም አሉ። አልስማማም። የጨው ሶዲየም ሸክላ የበዛበትን አፈር ያላላውና ሲደርቅ ቅርፊት ያሠራዋል፤ ከዚያ ወዲያ ውሃ ቢፈስበት ቁልቁል ይሸሻል እንጂ አይሰርግም። ሥሩም ከጨዋማ አፈር ውሃ መሳብ ያቅተዋል። የጥሬ ዶሮ ጀርም ደግሞ በተቀጠፈው ቅጠል ተመልሶ ማዕድ ላይ ሊቀርብ ይችላል። (ዶሮ ስንት ጊዜ ይታጠብ የሚለውን ክርክር ለባለሙያዎቹ እናቶች ትቻለሁ።)

ውሃውን አታሳድሩት፤ ይሸታል። ቅጠሉን ሳይነካ ከግንዱ ሥር ይፍሰስ፤ ተዳፋት ላይ ከሆነ አግድም ትንሽ ቦይ ቆፍሩለት። በጥሬው የሚበላ ሰላጣና ከቡና ጋር የሚቀርብ ጤና አዳም ንጹሕ ውሃ ይጠጡ። በምኒልክ ዘመን የመጣው ባሕር ዛፍ አጠገብ መደብ አታውጡ፤ የምታፈስሱትን የሚጠጣው እሱ ነው።

ያም ሆኖ በጥንቃቄ ከተለየው ውሃም ትንሽ ትንሽ ጨው አፈሩ ውስጥ ይቀራል። እኛን የሚያድነን ክረምቱ ነው። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች፤ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ የበጋውንም ጨው ወደ ታች አጥቦ ያወርደዋል። እንዲህ ዓይነት ክረምት በሌለበት ቆላ ይህን ልማድ ዓመቱን ሙሉ አልመክርም። እዚህም ቢሆን ሰኔ ሲገባ የጓዳውን ውሃ ከጓሮው አቁሙና አፈሩን ለዝናቡ ልቀቁለት።