ያልተጠየቀችው ሙሽሪት

በሲኒማ ዓለም አንድ ፊልም ሕዝብ ሲወደው ተከታይ ይወለድለታል። ልጁ ግን ብዙውን ጊዜ አባቱን በመልክ እንጂ በቁመት አያክልም። ሁለተኛው ገንዘብ ስላመጣ ሦስተኛው ይከተላል፤ በመጨረሻ የሚቀረው ርዕሱ ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1935 የአሜሪካው ዩኒቨርሳል ስቱዲዮ ለተመልካች ያቀረበው ባለ ጥቁርና ነጩ «የፍራንከንስታይን ሙሽሪት» ይህን ልማድ ካፈረሱት ጥቂት ፊልሞች አንዱ ነው። ዳይሬክተሩ ጀምስ ዌል በ1931 «ፍራንከንስታይን»ን ከሠራ በኋላ ወደዚያው ታሪክ ለመመለስ ፈቃደኛ አልነበረም። እሺ ሲል ግን የመጀመሪያውን ለመድገም አልመጣም። የመጀመሪያው ያላነሳውን ጥያቄ ይዞ መጣ።

ታሪኩን በዝና ብቻ ለሚያውቁት አንድ ነገር እናስታውስ። ፍራንከንስታይን የጭራቁ ስም አይደለም፤ የሠሪው ስም ነው። ሄንሪ ፍራንከንስታይን የተባለው ሳይንቲስት ከሬሳ ክፍሎች ገጣጥሞ ሕይወት የዘራበት ፍጡር ስም እንኳ አልተሰጠውም። ጭራቅ ማለቱም ለእኛ ጆሮ በደንብ አይገጥምም። የተረታችን ጭራቅ ሰው በላ ነው፤ ይህኛው ግን ከሰው ጋር መብላት ነው የጎደለው። ስለዚህ እኛም በዚህ ጽሑፍ ፍጡሩ እያልን እንጠራዋለን።

በመጀመሪያው ፊልም መጨረሻ መንደርተኛው ፍጡሩን በነፋስ ወፍጮ ውስጥ ከቦ አቃጥሎት ነበር። ሁለተኛው ፊልም ሲጀምር ከወፍጮው ሥር ባለው ውኃ ተርፎ እናገኘዋለን። ቆስሏል፤ በየሄደበት ይጮኹበታል፤ ይተኩሱበታል። ሸሽቶ ጫካ ሲገባ ከአንዲት ጎጆ የቫዮሊን ድምፅ ይሰማል። በጎጆዋ የሚኖረው መናኝ ዓይነ ስውር ነው። እንግዳው ምን እንደሚመስል አያይምና ደንግጦ አይሸሽም። ምግብ ያቀርብለታል፤ ቁስሉን ይዳስሳል፤ ወዳጅ ስለ ሰጠው እጁን ይዞ ፈጣሪን ያመሰግናል። በዚያን ጊዜ በፍጡሩ ጉንጭ ላይ እንባ ይወርዳል። ዳቦ፣ ወይን፣ ወዳጅ የሚሉትን ቃላት የሚማረውም እዚያ ነው።

ፍጡሩን የተጫወተው ቦሪስ ካርሎፍ የፍጡሩን መናገር አልወደደውም ነበር። ፍርሃቱ ይገባናል፤ ዝምታ ለተዋናዩ ትልቅ መሣሪያው ነበርና። ሆኖም በዚህ ነጥብ ትክክለኛው ዌል ነው ባዮች ነን። ፍጡሩ ካልተናገረ መጠየቅ አይችልም፤ የፊልሙ ነገር ሁሉ ደግሞ ያለው በጥያቄው ላይ ነው። «ብቻ መሆን ክፉ፣ ወዳጅ ደግ» ከሚለው ትምህርት ተነስቶ «ወዳጅ ሥሩልኝ» ወደሚል ትእዛዝ ሲሻገር እናየዋለን። የመናኙ ወዳጅነት ማንም ሳያዝዘው የተሰጠ ነበር። አዳኞች መጥተው ጎጆዋ በእሳት ከጠፋች በኋላ ግን ፍጡሩ ያንኑ ስጦታ ከላቦራቶሪ ይጠብቃል።

ይህን ተስፋ የሚሰጡት ዶክተር ፕሪቶሪየስ ናቸው። ኧርነስት ቴሲጀር በቀጭን ፈገግታና በተለበጠ ንግግር የሚጫወታቸው እኚህ ሽማግሌ፣ ጥቃቅን ሰዎችን ፈጥረው በጠርሙስ ያኖራሉ። ንጉሡ ከጠርሙሱ እያመለጠ ወደ ንግሥቲቱ ሲሮጥ በወረንጦ አንስተው ይመልሱታል። ያስቃል። ግን ፕሪቶሪየስ ሰውን እንዴት እንደሚያዩት የሚነግረን ይኸው ቀልድ ነው፤ ለእርሳቸው ሰው ማለት ተነስቶ የሚቀመጥ ዕቃ ነው።

ከዚህ በኋላ የሆነውን ልብ ብሎ ለተመለከተ፣ ሠርጉ ገና ሳይደገስ ደም ነክቶታል። ሄንሪ እንቢ እንዳይል ሚስቱ ኤልሳቤጥ ታፍና ትወሰዳለች። ለሙሽሪቷ ትኩስ ልብ ሲያስፈልግ፣ ገንዘብ የተቆረጠለት ረዳት ወጥቶ በመንገድ የምታልፍ አንዲት ሴት ይገድላል። ስሟን አንሰማም፤ የሚያለቅስላትም የለም። አንዷ ታፈነች፣ አንዷ ተገደለች፣ ሦስተኛዋ ልትሠራ ነው። ከሦስቱ አንዳቸውም አልተጠየቁም።

የአፈጣጠሯ ትዕይንት ዛሬም ትንፋሽ ያስይዛል። የኬኔት ስትሪክፋደን የኤሌክትሪክ መሣሪያዎች ብልጭታ ይተፋሉ፤ የፍራንዝ ዋክስማን ሙዚቃ በከበሮ የልብ ምት ይመታል፤ ካሜራው ዘመም እያለ ፊቶቹን በብርሃንና በጥላ ይከፍላቸዋል። ከዚያ ነጭ ቀሚስ የለበሰችው ሙሽሪት ትቆማለች። ፀጉሯ የጥንቷን የግብጽ ንግሥት ኔፈርቲቲን እንደሚያስታውስ ዘውድ ወደ ላይ ቆሟል፤ በግራና በቀኝ ነጭ መስመር እንደ መብረቅ ይወጣበታል። ፕሪቶሪየስ ሚዜም ቄስም ሆነው ስሟን ያውጃሉ፤ ሙዚቃው የሠርግ ደወል ያስተጋባል።

ፍጡሩ ቀረብ ብሎ ወዳጅነቷን ይለምናል። እርሷም ትጮኻለች። እጇን ሲይዛት ዳግም ትጮኻለች። በሕይወት የቆየችባቸው ደቂቃዎች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንድ ቃል አትናገርም። ያላት ጩኸትና የሚያፏጭ የቁጣ ድምፅ ብቻ ነው። ተዋናይቷ ኤልሳ ላንቼስተር ይህን ድምፅ በለንደኑ ሬጀንትስ ፓርክ ካሉት ስዋን ከሚባሉት ነጫጭ የውኃ ወፎች እንደ ወሰደችው ተናግራለች። ተመልካች ብዙውን ጊዜ የሚያዝነው ለተገፋው ፍጡር ነው። ይገባዋልም። ነገር ግን ከእርሷ ወገን ሆነን እንየው። ዓይኗን በከፈተች በደቂቃዎች ውስጥ ዙሪያዋን የከበቧት ወንዶች ለማን እንደ ተሠራች ይነግሯታል። ከዚህ ሌላ ምን ትበል?

የዌል ብልሃት እዚህ ላይ ይገለጣል። ፊልሙ የሚከፈተው በዐውሎ ነፋስ ሌሊት ነው። ደራሲዋ ሜሪ ሼሊ ከባለቤቷ ከፐርሲ ሼሊና ከሎርድ ባይረን ጋር ተቀምጣ የታሪኩን ቀሪ ክፍል ትተርካለች። ይህችን ደራሲ የምትጫወተው ያችው ኤልሳ ላንቼስተር ናት። በአንድ ፊልም፣ በአንዲት ሴት ፊት፣ ቃል ሁሉ ያላትና አንድም ቃል የሌላት ተገናኙ። አጋጣሚም አይደለም። ሜሪ ሼሊ ታሪኩን በ1816 ስትጀምር ገና 18 ዓመቷ ነበር። በ1818 በታተመው ልቦለዷ ውስጥ ሳይንቲስቱ ሴቲቱን ጀምሮ ሳይጨርስ ይቆራርጣታል። ካስፈሩት ነገሮች አንዱ ከመፈጠሯ በፊት ሌሎች የገቡትን ውል አልቀበልም ልትል ትችላለች የሚለው ሐሳብ ነበር። ልቦለዱ የፈራውን ፊልሙ ሠርቶ አሳየን።

እንግዲህ ወቀሳችንን እናስቀምጥ። የኡና ኦኮነር የገረድ ጩኸት መጀመሪያ ያስቃል፤ ሲደጋገም ይሰለቻል። ከዚህ የከበደው ግን መጨረሻው ነው። ፍጡሩ ሄንሪንና ኤልሳቤጥን አውጥቶ ይሰዳል፤ ራሱን፣ ፕሪቶሪየስንና ሙሽሪቷን ግን ከሙታን ወገን ቆጥሮ ማንሻውን ይስባል። ሕንፃው ይፈርሳል። እንባውን አይተን ልባችን ይራራል። ይሁን እንጂ ያቺ ሴት መሞት እንደምትፈልግ ማን ጠየቃት? ሕይወቷ በሌሎች ውሳኔ ተጀመረ፤ በሌላው ውሳኔ ተፈጸመ። ዌል ይህን አይቶ ዝም አለ ወይስ ሳያየው አለፈ? ፊልሙ መልስ አይሰጥም፤ ጥያቄውን ግን ሊደብቀው አልቻለም።

ይህ የ75 ደቂቃ ፊልም ዘመኑን የተሻገረውም ለዚህ ይመስለናል። በ1974 ሜል ብሩክስ የመናኙን ትዕይንት ሳይቀር እየቀለደ በራሱ ፊልም አስገባው፤ በ1998 በአሜሪካ ብሔራዊ የፊልም መዝገብ ተመዘገበ። የመሣሪያዎቹ ብልጭታ ዛሬ ልጅ እንኳ አያስፈራም። የሚያስፈራው ሌላ ነው። ብቸኝነት እውነተኛ ሥቃይ መሆኑን ፊልሙ እስከ አንጀታችን ያሳምነናል፤ ወዲያውም ያ ሥቃይ በሌላው ላይ ሥልጣን እንደማይሰጥ ያሳየናል። ብቸኛ ሰው ርኅራኄ ይገባዋል፤ ሌላ ሰው ግን በርኅራኄ ስም አይታደልም። የመጀመሪያውን ጎጆዋ ውስጥ ያለው ዓይነ ስውር አስተማረን፤ ሁለተኛውን አንድም ቃል ያልተሰጣት ሙሽሪት።