ሰልፍና ኮሮጆ፦ የምርጫ ሥርዓትና የሕዝብ አመኔታ

አንድ ምክር ቤት በሕዝብ ዘንድ የሚታመነው አባላቱ ንግግር ስለሚያውቁ ወይም ሕንፃው ስላማረ አይደለም፤ አመኔታው የሚመነጨው አባላቱ ከተመረጡበት መንገድ ነው። ለዚህም ጎረቤታችን ኬንያ ጥሩ ማስረጃ ትሆነናለች።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1988 የአገሪቱ ብቸኛ ፓርቲ የነበረው ካኑ ዕጩዎቹን ያስመረጠው በምስጢር ድምፅ ሳይሆን፣ መራጩ ከሚደግፈው ዕጩ ወይም ከወኪሉ ኋላ እንዲሰለፍ በማድረግ ነበር። ኬንያውያን ይህንን «ምሎሎንጎ» ይሉታል። በሰልፉ ከ70 በመቶ በላይ ያገኘ ዕጩ ያለ ሌላ ምርጫ ምክር ቤት ይገባ ነበር። የሥርዓቱ ጉድለት ሁለት ነው። አንደኛ፣ ማን ከማን ኋላ እንደቆመ አለቃውም ጎረቤቱም ስለሚያይ መራጩ ይፈራል። ሁለተኛ፣ ሰልፉ ከተበተነ በኋላ እንደገና የሚቆጠር ወረቀት የለም። በዚህም ምክንያት አጭሩ ሰልፍ አሸነፈ ተብሎ በታወጀ ጊዜ ማስተባበያ አልተገኘም። ፓርቲው ራሱ በ1990 ሥርዓቱን ተወው።

ይሁን እንጂ ኮሮጆው መመለሱ ብቻውን በቂ አልሆነም። የናይሮቢን ዌስትላንድስ እንመልከት። የኪቲሱሩ ባለ ሰፊ ግቢ ቤቶችና የካንጌሚ የተጨናነቁ መንደሮች በአንድ የምርጫ ክልል ተካተው አንድ ተወካይ ይልካሉ። ብልጫ ድምፅ ያገኘው ብቻ ስለሚያልፍ የቀሩት ድምፆች መቀመጫ አያስገኙም። በአገራችንም ሥርዓቱ ይኸው ነው፤ በ1997 ዓ.ም. የአዲስ አበባን 23 መቀመጫዎች ተቃዋሚዎች ጠቅልለው ሲወስዱ፣ በ2002 ዓ.ም. ገዢው ፓርቲ 22ቱን ወሰደ። በእርግጥ መራጩ ተወካዩን ለይቶ ማወቁ የዚህ ሥርዓት መልካም ጎን ነው። ነገር ግን ያሸነፈው ሰው የመረጡትን ብቻ የሚሰማ ከሆነ፣ የተሸነፈው ወገን ምክር ቤቱን የራሱ አድርጎ አያየውም።

ውጤቱ ምን እንደሚሆን በጁን 2024 ናይሮቢ ላይ ታይቷል። የኬንያ ምክር ቤት የግብር ሕጉን በ195 ድጋፍና በ106 ተቃውሞ ባጸደቀ ዕለት፣ ወኪሎቻችን አይሰሙንም ያሉ ወጣቶች ሕንፃው ውስጥ ገቡ፤ የሰው ሕይወትም ጠፋ። ፕሬዚዳንቱ በማግሥቱ ሕጉን አልፈርምም አሉ። ሕዝብ የሚሰማው በአደባባይ ሲጮህ ብቻ ከሆነ፣ የምክር ቤቱ ጥቅም ምኑ ላይ ነው?

ይህ ጥያቄ ከክፍላችን የራቀ አይደለም። የክፍል አለቃ ስናስመርጥ እጅ እያስወጣን ነው ወይስ በወረቀት? ቆጠራውንስ ተማሪዎቹ ያዩታል? ተመራጩስ ያልመረጡትን ተማሪዎች አቤቱታ ያቀርባል? የምርጫን ፍትሐዊነት በሰሌዳ ላይ ከማስተማራችን አስቀድሞ በክፍላችን ልናሳየው ይገባል።