የምንጮች ፍሰት አቀናነስና ሒሳባዊ ሞዴሎቹ፦ ከሺንሺቾ ተዳፋት አንጻር

በሺንሺቾና በአምባሪቾ ተራራ ዙሪያ ባሉ ተዳፋቶች ክረምቱ ካለፈ በኋላ ምንጭ የሚፈሰው መሬቱ ያሰረገውን ዝናብ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ ነው። ለውሃ ልማት ዕቅድ አውጪ ዋናው ጥያቄ ምንጩ በጥቅምት የሚሰጠው ሳይሆን በየካቲት የሚተርፈው መጠን ነው።

ታሞ ስቴንሃውስና ባልደረቦቹ በ2009 እ.ኤ.አ. ለዓባይ ተፋሰስ ያቀረቡት ሞዴል መሬቱን በውሃ የሚጠግብ ዝቅተኛ ቦታ፣ የተራቆተ መሬትና ውሃ የሚያሰርግ ተዳፋት በማለት ይከፍለዋል። ከተዳፋቱ የሚወጣው ውሃ አንዱ ክፍል በቀጥታ መስመር ቀንሶ ያልቃል፤ ሌላው በተወሰነ ጊዜ ልዩነት በግማሽ እየቀነሰ ይዘልቃል። መምህር በሰሌዳና በጠመኔ ሊያስረዳው መቻሉ ትልቅ ብልጫው ነው። ጎርፍ የሚነሣው መሬቱ ውሃ ሲጠግብ መሆኑን ማስገንዘቡም ለደጋው አገር የሚስማማ ነው።

ድክመቱ ግን የከርሰ ምድሩን ውሃ እንደ አንድ ጋን መቁጠሩ ነው። የተዳፋቱ ዘንበልነትና የአፈሩ ጥልቀት በቀመሩ ውስጥ በግልጽ አይታዩም። ቡሲኔስክ ግን የዳርሲን የ1856 ሕግ መሠረት አድርጎ በ1877 የውሃውን ከፍታና የወለሉን ዘንበልነት በአንድ ቀመር አያይዟል። በ1904 ለአግድም ወለል ያገኘው መፍትሔ ደግሞ ፍሰቱ በግማሽ ሳይሆን በዳግም ብዜት ሕግ፣ መጨረሻውም ላይ ዝግ እያለ እንደሚቀንስ ያመለክታል።

ልዩነቱን ለመገመት ጥቅምት 1 ቀን በደቂቃ 80 ሊትር፣ ከ40 ቀን በኋላ 40 ሊትር የሚሰጥ ምንጭ ይታሰብ። የካቲት 1 ቀን በግማሽ ቅነሳው ሕግ 10 ሊትር፣ በቡሲኔስክ ሕግ 16 ሊትር ገደማ ይተርፋል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን ሲሰላ ልዩነቱ በቀን ከ400 በላይ ነው። ይህ ለአንድ ቀበሌ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም ወለሉ ቁልቁል በሆነበት ስፍራ ውሃው ከሁለቱም ፈጥኖ ሊያልቅ ስለሚችል የቡሲኔስክም መፍትሔ ሳይፈተሽ አይወሰድም። የመማሪያ መጻሕፍት መልመጃ ቀመሩን ሰጥቶ ውጤቱን ብቻ ሲጠይቅ የሚቀረው ይኸው ፍተሻ ነው።

ፍተሻው ባልዲና ሰዓት ብቻ ይፈልጋል። ተማሪዎች በየ10 ቀኑ ፍሰቱን ለክተው ሎጋሪዝሙን በአንድ ግራፍ፣ የዳግም ዘሩን ግልባጭ በሌላ ግራፍ ያስፍሩ። የመጀመሪያው ቀጥ ያለ መስመር ከሆነ የግማሽ ቅነሳው ሕግ፣ ሁለተኛው ከሆነ የቡሲኔስክ ሕግ ለዚያ ምንጭ ይስማማል። የበልጉ ዝናብ ከጣለ በኋላ የተለካው ከሠንጠረዡ ይውጣ።