አሮጌው ኮምፓይለርና የበቃላው ደረሰኝ

በሳዑዲዋ ጂዛን፣ በአሐድ አል-መሳርሐ፣ በሳምጣና በአቡ ዐሪሽ ከምጠግናቸው የሱቅ ፕሮግራሞች አብዛኞቹ የተሠሩት በዴልፊ 7 ኮምፓይለር ነው። ዴልፊ 7 የወጣው በ2002 ነው (ቀኖቹን፣ ወሮቹንና ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር እጽፋለሁ)። አዲስ አበባ ላሉ የሙያ ጓደኞቼ ይህን ስነግራቸው ይስቃሉ። ይሳቁ። በእነዚህ ፕሮግራሞች ዘይቱም፣ ሩዙም፣ የመኪና ጎማውም ይሸጣል፤ ማታ ካዝናው ሲቆጠር ሒሳቡ ይገጥማል። ጣጣው የሚጀምረው ያንኑ ፕሮግራም በአዲስ ኮምፓይለር ልሥራው ብለህ የተነሣህ ቀን ነው። ሳትነሣ ስትቀርም የራሱ ጣጣ አለው፤ የእኔ እንጀራ ያለው ከሁለቱ ጣጣዎች የትኛው እንደሚሻል በማወቅ ላይ ነው።

ሙያው ሌላ ለሆነ አንባቢ፦ ኮምፓይለር ፕሮግራመሩ የጻፈውን ጽሑፍ ማሽኑ ወደሚገባው ትእዛዝ የሚለውጥ ፕሮግራም ነው። ያው ጽሑፍ፣ አንድ ነጥብ ሳይለወጥ፣ በሁለት የኮምፓይለር ዕትሞች ሲያልፍ ሁለት የተለያየ ጠባይ ያላቸው ፕሮግራሞች ሊወጡ ይችላሉ። የዴልፊ ዘር የሚጀምረው አንደርስ ሄልስበርግ ከጻፈውና ቦርላንድ በ1983 በ49 ዶላር ከ95 ሳንቲም ከሸጠው ቱርቦ ፓስካል ነው። ዴልፊ በ1995 ተከተለ። ሄልስበርግ በ1996 ወደ ማይክሮሶፍት ሄዶ በኋላ ሲ ሻርፕን ሠራ፤ ዴልፊ ደግሞ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቶ በ2008 ኢምባርካዴሮ ዘንድ ደረሰ። ያ ዓመት ለእኛ ሥራ ትልቅ ዓመት ነው፤ እመለስበታለሁ።

ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል ይባላል፤ በአሮጌ ኮምፓይለር ለሚሠራ ሰው ይህ የቀን ተቀን እውነት ነው። የዴልፊ 7 ጥፋቶች ከነመድኃኒታቸው ይታወቃሉ። አንዱን ላሳይ። በዚያ ዘመን የተሠሩ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ መረጃቸውን የሚያስቀምጡት ቢዲኢ በሚባለው የቦርላንድ የዳታቤዝ ሞተር ነው። ባለሱቁ ይደውላል፦ «ያ ሙሀንዲስ፣ ዲስኩ ሞልቷል ይለኛል!» ሄደህ ስታየው ዲስኩ ላይ መቶ ምናምን ጊጋባይት ባዶ ቦታ አለ። ቢዲኢ የተጻፈው እንዲህ ያለ ትልቅ ዲስክ ባልነበረበት ዘመን ስለሆነ፣ ባዶው ቦታ የ4 ጊጋባይት ብዜት አካባቢ ሲያርፍ ቆጠራው ዞሮ ዜሮ ይሆንበትና ቦታ አለቀ ይላል። መድኃኒቱ ዲስኩ ላይ አንድ ትልቅ ቪዲዮ መገልበጥ ነው። ባለሱቁ ዲስክ ሞላ ብሎ ጠርቶኝ ዲስኩን ይባስ ስሞላለት ያየኝ ዕለት የተመለከተኝን አመለካከት አልረሳውም። ግን ሠራ።

አዲሱስ ከጥፋት ነጻ ነው? አይደለም። በ2014 የሊነክሱ ሊነስ ቶርቫልድስ የጂሲሲ 4.9.0 ኮምፓይለር የሊነክስን አንድ የሥራ ማከፋፈያ ክፍል አበላሽቶ እንደሚተረጉም አይቶ በአደባባይ ክፉኛ ተቆጥቷል። በ2000 ደግሞ ሬድ ሃት የጂሲሲ ባለቤቶች ጨርሰው ያላወጡትን ኮድ 2.96 ብሎ ከራሱ የሊነክስ ሥርዓት ጋር ስላሰራጨ፣ ባለቤቶቹ «እንዲህ የሚባል ዕትም የለንም» እስከ ማለት ደርሰዋል። እንዲህ ያለውን አይተው፣ የኮምፓይለር ቁጥሩ በነጥብ ዜሮ ካለቀ፣ ሌሎች ይቅመሱት ብለው የሚጠብቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። እኔም አንዱ ነኝ።

ይህ ሁሉ ግን አሮጌው ለዘላለም ይኑር ማለት አይደለም። ኮምፓይለሩ ባይለወጥም በዙሪያው ያለው ዓለም ይለወጣል። በቱርቦ ፓስካል 7 የተሠሩ ፕሮግራሞች በ1990ዎቹ መጨረሻ ገደማ፣ ፈጣን ፕሮሰሰር ያላቸው ኮምፒውተሮች ሲመጡ፣ ገና ሲከፈቱ «ኤረር 200» ብለው ይወድቁ ጀመር። ሲአርቲ የሚባለው ላይብረሪ ሲነሣ የማሽኑን ፍጥነት ለመለካት የሚያካፍለው ሒሳብ አለው፤ ማሽኑ ከተገመተው በላይ ሲፈጥን ውጤቱ ሊይዘው ከተዘጋጀለት ቦታ አልፎ ይፈስሳል። በፕሮግራሙ ውስጥ ማንም አንዲት ፊደል አልነካም፤ የተለወጠው ማሽኑ ነው።

እዚህ ጂዛን ውስጥ የተለወጠው ማሽኑ ሳይሆን ሕጉ ነበር። ሳዑዲ በጥር 2018 የ5 በመቶ ቫት ጀመረች፤ በሐምሌ 2020 ወደ 15 በመቶ ከፍ አደረገችው፤ ከአገራችን ጋር እኩል መሆኑ ነው። እስከዚህ ድረስ ለአሮጌው ፕሮግራም ችግር አልነበረም፤ አንድ ቁጥር መለወጥ ነው። ታኅሣሥ 4 ቀን 2021 ላይ ግን የዘካት፣ የታክስና የጉምሩክ ባለሥልጣኑ «ፋቱራ» የሚለውን የኤሌክትሮኒክ ደረሰኝ የመጀመሪያ ምዕራፍ አስገዳጅ አደረገ። የቫት ተመዝጋቢ የሆነ በቃላ (የሸቀጥ ሱቅ) ሁሉ ደረሰኙ ላይ ኪውአር ኮድ ማተም አለበት። በኮዱ ውስጥ የሻጩ ስም፣ የቫት ቁጥሩ፣ ቀንና ሰዓቱ፣ ጠቅላላ ዋጋውና የቫቱ መጠን አሉ። እያንዳንዳቸው በሦስት ክፍል ይጻፋሉ፤ መለያ ቁጥር፣ ርዝመት፣ ከዚያ ይዘቱ። ርዝመቱ የሚቆጠረው በዩቲኤፍ-8 ባይት ነው።

የኮምፓይለር ዕድሜ ትርጉሙ የሚገባህ እዚህች ርዝመት ላይ ስትደርስ ነው። በዴልፊ 7 አንድ ፊደል አንድ ባይት ነው። ዐረብኛው የሚቀመጠው በዊንዶውስ የዐረብኛ ሰንጠረዥ፣ በ1256 ነው። በዴልፊ 2009 የ«ስትሪንግ» ትርጉም ራሱ ተቀየረ፤ ጽሑፍ ሁሉ ዩኒኮድ ሆነ፣ አንድ ፊደል ሁለት ባይት ያዘ። የመጣውም በዚያው በ2008 ነው። «በቃላ» የሚለው ቃል በዐረብኛ አምስት ፊደል ነው። አሮጌው ኮምፓይለር ርዝመቱን 5 ይላል፤ አዲሱም 5 ይላል። ሁለቱም ለኪውአሩ አይሆኑም፤ በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ የዐረብኛ ፊደል ሁለት ባይት ስለሆነ ትክክሉ 10 ነው። የሚሳሳቱበት መንገድ ግን ይለያያል። አሮጌው አምስት ባይት ብሎ አምስት ባይት ስለሚጽፍ ኮዱን የሚያነበው ስልክ፣ ቁጥሮቹን በደህና ያነብና ስሙን ብቻ ትብትብ አድርጎ ያሳያል። አዲሱ ዐሥር ባይት ጽፎ አምስት ነው ካለ፣ ስልኩ የስሙን ግማሽ ወስዶ የቀረውን ግማሽ እንደ አዲስ መለያ ቁጥር ይቆጥረዋል፤ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይፈርሳል። በነጻ በሚገኘው የፓስካል መሣሪያ በላዛረስ፣ ጽሑፉን በዩቲኤፍ-8 ስለሚይዝ፣ ያችው መስመር 10 ትልሃለች። ሦስት ኮምፓይለር፣ አንድ መስመር ኮድ፣ ሦስት ዓይነት ደረሰኝ።

በዴልፊ 7 ይህ የማይፈታ ነው ማለቴ አይደለም። «ዩቲኤፍ8ኢንኮድ» የሚባለው ፈንክሽን በዚያም አለ፤ መጀመሪያ ወደ ዩቲኤፍ-8 ለውጦ ከዚያ ርዝመቱን መቁጠር ነው። ለመጀመሪያው ምዕራፍ ፋቱራ ብቻ ሲባል ኮምፓይለር የቀየረ ሰው ካለ፣ በእኔ ግምት ሳያስፈልገው ደክሟል።

ወደ አዲሱ የሚሻገር ሰው የሚያጋጥሙት ወጥመዶች ደግሞ ኮምፓይለሩ ኤረር ብሎ የሚያቆምባቸው ብቻ አይደሉም። ኤረርማ ጸጋ ነው፤ መስመሩን ይነግርሃል። ክፉው ዝም ብሎ የሚያልፈው ነው። በአሮጌው ኮድ ጽሑፍን ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ በባይት እየቆጠሩ ማዛወር የተለመደ ነበር፤ ፊደሉ ሁለት ባይት ሲሆን ያው መስመር የስሙን ግማሽ ብቻ ያዛውራል፣ ኮምፓይለሩም ቅር አይለውም። ሌላው «ኤክስቴንድድ» የሚባለው የቁጥር ዓይነት ነው። በ32 ቢት ዴልፊ 10 ባይት ነው፤ በ2011 በመጣው የዊንዶውስ 64 ቢት ኮምፓይለር 8 ባይት ሆነ። ዋጋን በዚህ ዓይነት ቁጥር በሪከርድ ፋይል ያስቀመጠ ሱቅ የድሮ ፋይሉን በአዲሱ ፕሮግራም ሲከፍት የሩዙ ዋጋ ሌላ ዓለም ውስጥ ይገኛል።

ፋይሉ ደህና ቢሆን እንኳ የሪያሏ ሳንቲም፣ ሐላላዋ፣ አለች። 1 ሪያል ከ90 ሐላላ በሆነ ዕቃ ላይ 15 በመቶው 28 ሐላላ ተኩል ነው። በነጥብ ቁጥር ሲሰላ ያቺ ተኩል ከራሷ ፀጉር ታህል ከፍ ወይም ዝቅ ብላ ልትቀመጥ ትችላለች፤ በ10 ባይትና በ8 ባይት ደግሞ አቀማመጧ አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱ 28 ሲያትም ሌላው 29 ሊያትም ይችላል። ገንዘብን በሐላላ በሙሉ ቁጥር ወይም በዴልፊው «ከረንሲ» ዓይነት የያዘ ፕሮግራም ይህ አይነካውም። ስለዚህ ከሽግግሩ በፊት፣ ገና በአሮጌው ኮምፓይለር ላይ እያለሁ፣ ገንዘብ የተያዘበትን ቦታ ሁሉ እየፈለግሁ ወደ ከረንሲ እለውጣለሁ።

ሁለተኛው የፋቱራ ምዕራፍ ከጥር 2023 ጀምሮ በየተራ ነው የመጣው፤ መጀመሪያ ዓመታዊ ሽያጫቸው ከ3 ቢሊዮን ሪያል የሚበልጥ ድርጅቶችን ያዘ፣ ከዚያ ወደ ትንንሾቹ ወረደ። ይህኛው ኪውአር በማተም አያልቅም። ደረሰኙ በኤክስኤምኤል ይጻፋል፤ የእያንዳንዱ ደረሰኝ የሻ-256 አሻራ ወደሚቀጥለው ይገባል፤ በምስጢር ቁልፍ ይፈረማል፤ የችርቻሮው ደረሰኝ በ24 ሰዓት ውስጥ ለባለሥልጣኑ ይላካል። ዴልፊ 7 ሲወጣ ለዛሬው የኢንተርኔት ግንኙነት ዝቅተኛ የሆነው ቲኤልኤስ 1.2 ገና አልነበረም፤ የወጣው ከስድስት ዓመት በኋላ ነው። ሁሉንም ላይብረሪ ከውጭ እየለቀሙ አሮጌው ላይ መለጠፍ ይቻላል። እኔ ግን እዚህ ላይ አሮጌውን አላስገድደውም።

የማደርገው ይህን ነው። የሱቁን ፕሮግራም በዴልፊ 7 እተወዋለሁ። ከጎኑ በአዲስ ኮምፓይለር የተሠራ ትንሽ ፕሮግራም አቆማለሁ፤ ሽያጩን ከአሮጌው ይቀበላል፣ ኤክስኤምኤሉን ይሠራል፣ ይፈርማል፣ ኪውአሩን ይመልሳል፣ ይልካል። ፊርማው ደረሰኙ ከመታተሙ በፊት መኖር ስላለበት ደንበኛውን ሳያስጠብቅ መመለስ አለበት፤ መላኩ ግን ኢንተርኔት ቢቋረጥ ለጥቂት ሰዓት ሊቆይ ይችላል። ለዚህ ትንሽ ፕሮግራም ላዛረስ ይበቃል። የዴልፊው ነጻ ዕትም ዓመታዊ ገቢው ከ5 ሺህ ዶላር ለማያልፍ ሰው የተፈቀደ ነው፤ የሚከፈልበት ደግሞ ለአንድ በቃላ ተብሎ የሚገዛ አይደለም።

አንድ ነገር ብቻ ወደ አዲሱ ሙሉ በሙሉ አሻገረኝ፤ የዱቤ መዝገቡ። በዚህ አካባቢ የሐበሻ ደንበኛ ያለው ባለሱቅ ስሞቹን በዐረብኛ ሲጽፍ ተስፋዬና ተስፋ፣ ዘነበና ዘይነብ ይቀላቀሉበታል። ደንበኛው ራሱ ስሙን በአማርኛ ይጻፍልኝ ሲል ዴልፊ 7 የሚመልሰው የጥያቄ ምልክት ነው። ለግዕዝ ፊደል የዊንዶውስ የአንድ ባይት ሰንጠረዥ ኖሮ አያውቅም። አገር ቤት በዚያ ዘመን በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ ስንጽፍ ፊደሉ በላቲን ቦታ ተደብቆ ነበር የሚቀመጠው፤ ፎንቱ ከሌለ ጽሑፉ የለም። ግዕዝ ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 ነው፤ ዴልፊ የደረሰበት ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ዱቤው በአማርኛ እንዲጻፍ ለፈለገ ሱቅ ምርጫው ተወስኗል፤ አዲሱ ኮምፓይለር።

ሲሻገሩ ኮምፓይለሩንና ኮዱን በአንድ ቀን መለወጥ የለም። መጀመሪያ ያው ኮድ በሁለቱም ይሠራል፤ አዲሱ የሚያወጣው ማስጠንቀቂያ ሁሉ አንድ በአንድ ይነበባል፤ ያለፈው ወር ሽያጭ በሁለቱም አልፎ ደረሰኞቹ ባይት ለባይት ይነጻጸራሉ። የተለየው ደረሰኝ ምክንያቱ እስኪታወቅ ድረስ አዲሱ ሱቁ ውስጥ አይገባም። አዲስ ነገር መጨመር ከዚያ በኋላ ነው። ባለሱቁ «አሁን አዲስ ምን ተጨመረ?» ብሎ ሲጠይቅህ «ምንም» ለማለት ድፍረት ያስፈልጋል፤ ሒሳብህንም ያኔውኑ ጠይቅ።

አገር ቤት ሆናችሁ የሱቅ፣ የመድኃኒት ቤትና የማኅበር ፕሮግራሞችን በአሮጌ ኮምፓይለር ለምትጠግኑ አንድ ልመና አለኝ። ሶርስ ኮዱን ስታስቀምጡ የኮምፓይለሩን መጫኛ፣ የተጠቀማችሁባቸውን ላይብረሪዎችና የዕትም ቁጥራቸውን አብራችሁ በሁለት ዲስክ አስቀምጡ። ዴልፊ 7 የሠራው ፕሮግራም ዛሬ በዊንዶውስ 11 ላይ ይነሣል፤ መጫኛው የጠፋበት ሰው ግን በዚያ ፕሮግራም ውስጥ አንዲት መስመር መለወጥ አይችልም።