መዝገቡን ገልጦ መማር

ኮሶዬ ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ተሂዶ የምትገኝ፣ ከፍታዋ ወደ 3,000 ሜትር የሚጠጋ የወገራ ደጋ ናት። መንገደኛ መኪናውን አቁሞ የሚወርደው ገደሏን ሊያይ ነው። በዚህ አካባቢ ጤና ጣቢያ የምንሠራ ሰዎች ገደሉን የምናየው በሌላ ምክንያት ነው። ከገደሉ በላይ ብርድ፣ ገብስ፣ ጋቢና አስታ አለ። ከገደሉ በታች ወደ አርማጭሆ የሚወርደው ቆላ ይጀምራል፤ ከዚያ አልፎ መተማና ሁመራ፣ የሰሊጥ አገር። ላይ የወባ ትንኝ አትበረታም፤ ታች ወባም ካላዛርም አለ። የሁለቱ አገር በሽታ ግን በአንድ ካርድ ክፍል በር ላይ ይሰለፋል። የደጋው ወጣት በክረምት ለአረም፣ ክረምቱ ሲወጣ ለአጨዳ ቆላ ይወርዳልና።

ስለዚህ ስለ ተከታታይ የሙያ ትምህርት በተነሣ ቁጥር የኔ ጥያቄ አንድ ነው፤ ትምህርቱ ይህን ገደል ያውቀዋል ወይ?

ስልጠና ሲባል ብዙዎቻችን ዓይን ላይ የሚመጣው አዳራሽ፣ ፓወር ፖይንት፣ ቅድመ ፈተናና ድኅረ ፈተና፣ አበል፣ በመጨረሻም ሰርተፊኬት ነው። እነዚህን አዳራሾች አልንቅም፤ ከነሱ ያገኘሁት እውቀት ዛሬም በእጄ አለ። ሲፒዲ የምንለው የትምህርት ነጥብ የሙያ ፈቃድ ለማደስ መጠየቁንም እደግፋለሁ፤ አንዴ ተመርቆ ዕድሜ ልኩን በዚያው የሚያክም ሰው እንዲኖር አልፈልግም። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። አንድ የገጠር ጤና ጣቢያ 25,000 ያህል ሕዝብ እንዲያገለግል ታስቦ የተዋቀረ ነው። አንድ ጤና መኮንን ሳምንት ለስልጠና ሲሄድ የቀረችው ነርስ የሱንም ታካሚ ደርባ ታያለች። እሱ ሲመለስ ለባልደረቦቹ ያካፍላል ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚካፈለው የታተመው ወረቀት ነው። መንገድ ሲዘጋ ደግሞ፣ በነዚህ ዓመታት ብዙ ጊዜ እንደሆነው፣ ስልጠናውም ይቀራል።

ስለዚህ እኛ ታካሚ በሚቀንስበት ከሰዓት በኋላ የተመላላሽ ክፍሉን መዝገብ ጠረጴዛ ላይ እንዘረጋለን። ነርሶቹ፣ አዋላጇ፣ የላብራቶሪና የፋርማሲ ባለሙያዎቹ ይቀመጣሉ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎቹ ሪፖርት ይዘው ከጤና ኬላ በመጡበት ቀን እነሱም አሉበት፤ እነሱ ያሉበት ቀን ይሻላል፣ ቤቱንና ሰዉን ያውቁታልና። ከዚያ አንድ የሕመም ስሜት እንመርጣለን። የበሽታ ስም አንመርጥም። ታካሚ «የሳንባ ምች ይዞኛል» ብሎ ሳይሆን «ያስለኛል፣ ጎኔን ይወጋኛል» ብሎ ነው የሚመጣው። የአገራችን የመጀመሪያ ደረጃ ጤና አጠባበቅ ክሊኒካል መመሪያም፣ መነሻው በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን የተዘጋጀው መመሪያ ነው፣ በዚሁ መንገድ የተሠራ ነው፤ ከስሜት ተነሥቶ በአደገኛ ምልክቶች በኩል ወደ ውሳኔ ይወስዳል። መመሪያውን የምንገልጠው ግን ከመዝገቡ በኋላ ነው።

ብዙ ትምህርት ያገኘነው ከትኩሳት ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ «ታይፎይድና ታይፈስ ተገኘብኝ» ብሎ የማያውቅ ሰው ማግኘት ይከብዳል። በየክሊኒኩ የሚታዘዘው የዊዳል ምርመራ ግን የሚያሳየው ሰውነት ከመሰል ተሐዋስያን ጋር በሆነ ጊዜ መገናኘቱን ነው። ያ ግንኙነት ያለፈ ዓመት ሊሆን ይችላል፤ አንድ ጊዜ ብቻ የተሠራ ዊዳል የዛሬውን ትኩሳት መንስኤ አይናገርም። በአንዱ ውይይት ላይ የላብራቶሪ ባልደረባችን መዝገቡን ወደራሷ ስባ በጣቷ ረድፉን ወደ ታች እየተከተለች፣ «ይሄው፣ ዊዳል፣ ዊዳል፣ ዊዳል። የደም ስላይድ ካላዘዛችሁኝ ምኑን አይቼ ልንገራችሁ?» አለች። ያ ንግግር ከብዙ ፓወር ፖይንት በልጦብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፈጣኑ የወባ ምርመራ በመምጣቱ ብዙ ሕይወት ተርፏል፤ ማይክሮስኮፕ በሌለበት ጤና ኬላ እንኳ በደቂቃዎች ውስጥ ውጤት ይሰጣል። ነገር ግን የሚመልሰው አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፤ ወባ ነው ወይስ አይደለም። ደጋ ላይ ደግሞ ከቅማል የሚመጣው አገርሺ ትኩሳት አለ። ብርድ ሲበረታ ልብስ ይደራረባል፣ ሰው ተጠጋግቶ ያድራል፣ ውኃ ለማጠቢያ አይተርፍም፤ ቅማል በልብስ ስፌት ውስጥ ይራባል። ቦረሊያ የተባለው ጠመዝማዛ ባክቴሪያ ለወባ በተዘጋጀው በዚያው የደም ስላይድ ላይ ይታያል፤ በፈጣኑ ምርመራ ግን አይታይም። ስለዚህ «ወባ ኔጌቲቭ» ተብሎ የተሰናበተ ደገኛ፣ ስላይዱ ቢታይ ኖሮ በጥቂት ፔኒሲሊን ወይም ቴትራሳይክሊን የሚድን ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ወጣት ባለሙያዎችን ደጋግሜ የማሳስባቸው ነገር አለ። አገርሺ ትኩሳት መርፌ ተወግቶ ወደ ቤቱ የሚላክበት በሽታ አይደለም። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን በብዛት ሲገድለው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ታካሚው ይንቀጠቀጣል፣ ትኩሳቱ ይብስበታል፣ ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። ቤተሰብ ይህን ሲያይ «መርፌው ገደለው» ይላል። ሰውየው አልጋ ላይ ቆይቶ፣ ፈሳሽ ተዘጋጅቶለት፣ ግፊቱ በየጊዜው እየተለካ መታየት አለበት፤ ለቤተሰቡም ይህ እንደሚመጣ ከመርፌው በፊት መነገር አለበት። ከዚያ ልብሱ ይቀቀላል። ካልተቀቀለ በሽታው ወደ ወንድሙ ያልፋል።

ካላዛር ሌላው ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ከጎንደር ደቡብ በሊቦ ከምከም የሆነውን የዚህ አገር ባለሙያ ሁሉ ሊያውቀው ይገባል። ካላዛር የመተማና የሁመራ ቆላ በሽታ ነው ተብሎ በሚታመንበት ጊዜ፣ በሽታው ባልተጠበቀበት በዚህ ደጋማ አካባቢ ሰው በትኩሳት ይመነምን ጀመር። መጀመሪያ መድኃኒት የተላመደ ወባ ወይም ታይፎይድ መሰለ። ካላዛር መሆኑ እስኪታወቅ ብዙ ሰው አልቋል። በሽታውን ከቆላ ሥራ የተመለሱ ጉልበተኞች ሳያመጡት እንዳልቀረ ይታመናል። ይህን ታሪክ ባነሣሁ ቁጥር ስለ ጠቅላላው ሥርዓት አይደለም የምናገረው፤ ስለ አንዲት ጥያቄ ነው። «ወንድሜ፣ ዘንድሮ ቆላ ወርደህ ነበር? የት ታድር ነበር?» ሰሊጥ ሊያጭድ ወርዶ፣ ዋልካ መሬት ላይ፣ ግራር ሥር ሜዳ ላይ ያደረ ሰው ለአሸዋ ዝንቧ ተጋልጧል። ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ከከሳና ጣፊያው ካበጠ፣ ቢያንስ ካላዛርን ሳያስቡ ማሰናበት አይገባም፤ የኤችአይቪ ምርመራውም አብሮ ይሄዳል፣ ሁለቱ በዚህ አገር ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ላይ ይገናኛሉና።

ጣፊያ መዳሰስ ራሱ በንግግር የማይተላለፍ ነገር ነው። ኮሶዬ ላይ እጅ ይቀዘቅዛል፤ በቀዘቀዘ እጅ ሆድ ሲነካ ታካሚው ሆዱን ያጠነክራል፣ ከዚያ በኋላ ምንም አይዳሰስም። መጀመሪያ እጅን አሻሽቶ ማሞቅ ነው። ሌላው መነሻው ነው። ብዙ ጀማሪ እጁን በቀጥታ ግራ ጎድን ሥር ያደርጋል። በጣም ያበጠ ጣፊያ ግን እጁ ካረፈበት አልፎ እስከ እምብርት ይወርዳል፤ ጠርዙ ስለማይገኝ «ጤነኛ ነው» ይባላል። እጅ ከቀኝ ከሆድ በታች ተነሥቶ፣ ከትንፋሹ ጋር እየተራመደ ወደ ግራ ጎድን መውጣት አለበት። ይህን አንድ ባለሙያ ለሌላው በአንድ ታካሚ ሆድ ላይ፣ በታካሚው ፈቃድ፣ እጅ በእጅ ነው የሚያሳየው።

የሕፃናት ትንፋሽ ቆጠራም እንዲሁ ነው። ቁጥሩን ሁሉም ያውቀዋል፤ ከሁለት ወር በታች በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ፣ ከሁለት ወር እስከ አሥራ አንድ ወር 50ና ከዚያ በላይ፣ ከአንድ ዓመት እስከ አምስት ዓመት በታች 40ና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው። ችግሩ ያለው ቆጠራው ላይ ነው። እናት ሕፃኗን በጋቢና በፎጣ ጠቅልላ ትመጣለች፤ ግለጪልኝ ስትባል «ኧረ ብርድ ይመታብኛል!» ትላለች፤ እውነቷን ነው። ስለዚህ ጡት ይዞ ጸጥ እስኪል መጠበቅ፣ ከዚያ ከደረቱ እስከ ሆዱ ብቻ መግለጥ፣ የደረቱ የታችኛው ክፍል ወደ ውስጥ መሰርጎዱን ማየት፣ ሙሉ ደቂቃ መቁጠር። ሩብ ደቂቃ ቆጥሮ በአራት ማባዛት አይሆንም፤ ሕፃን ትንፋሹን ቆም ያደርግና መልሶ ያፈጥናል። እኛ ለሁለት ሆነን አንዱን ሕፃን ለየብቻ እንቆጥርና ቁጥራችንን እናስተያያለን። ልዩነቱ ሲሰፋ ስለ አሞክሲሲሊን ከመነጋገር በፊት ስለ ዓይናችን እንነጋገራለን።

አሁን ጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ በየጤና ጣቢያው እየገባ ነው። እሱም የራሱን ጥያቄ አምጥቷል፤ ቁጥሩ ዝቅ ሲል «ደጋ ስለሆነ ነው» የሚል መልስ በቀላሉ ይመጣል። በዚህ ላይ አንድ የታወቀ ጥናት አለ። ሲንቲያ ቢል የተባለችው አሜሪካዊት ተመራማሪና ባልደረቦቿ ሰሜን ተራሮች ላይ 3,530 ሜትር ከፍታ የሚኖሩ አማሮችን መርምረው እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጽሑፍ፣ የጤነኞቹ የደም ኦክስጅን በአማካይ 95 በመቶ እንደሆነ፣ ሄሞግሎቢናቸውም በባሕር ጠረፍ ከሚኖር ሰው ብዙም እንደማይለይ አሳይተዋል። ከኛ ከፍ ብለው የሚኖሩ ጎረቤቶቻችን ናቸው። ጥናቱ ሕፃናትን አይመለከትም፤ ለአዋቂ ደገኛ ግን 85 በመቶ ስናነብ ከፍታውን ምክንያት አድርጎ ማለፍ አይቻልም ማለት ነው። መጀመሪያ ጣቱ ቀዝቅዞ እንደሆነ ማየት፣ ማሞቅ፣ ደግሞ መለካት፤ ያው ከሆነ ሰውየው ታሟል።

ግፊት ላይ ረጅም አልናገርም። ከቆላው አቀበት ወጥቶ የመጣ አባት እንደደረሰ ቢለካ ከፍ ይላል። አምስት ደቂቃ ተቀምጦ፣ ጀርባው ተደግፎ፣ ክንዱ በልቡ ልክ ሆኖ ይለካ። በሹራብ ላይ አይታሰርም፤ የሹራብ እጅጌ ተጠቅልሎ ወደ ላይ ሲወጣም ክንዱን ስለሚያንቀው ማውለቅ ነው። 140/90 በተለያዩ ቀናት ተደጋግሞ ሳይገኝ፣ በጣም ከፍ ያለ ወይም አደገኛ ምልክት ያለው ካልሆነ በቀር፣ ለሰው የዕድሜ ልክ መድኃኒት መስጠት ከባድ ውሳኔ ነው።

ይህ ሁሉ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጎንደር የቆየች ባለቤቱ ናት። በደምቢያ ሜዳ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሰው ከፈጀ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ጎንደር ላይ ሲከፈት፣ ጤና መኮንኑ፣ የማኅበረሰብ ነርሷና የንጽሕና ባለሙያው አብረው እንዲሠለጥኑ፣ እንደ ቆላ ድባ ባሉ ጤና ጣቢያዎችም አብረው ወጥተው እንዲሠሩ ነበር የታሰበው። የዩኒቨርሲቲው ተማሪዎች ዛሬም በቡድን ሆነው ወደ ጤና ጣቢያ ይወጣሉ። እኔ የምጠይቀው ያ ቡድን ከተመረቀ በኋላ ለምን ይፈርሳል ነው። ነርሷ ለብቻዋ ስልጠና ትጠራለች፣ ላብራቶሪው ለብቻው፣ ፋርማሲው ለብቻው፤ ታካሚው ግን በሦስቱም እጅ ነው የሚያልፈው።

ከሁሉ በላይ የሚያስተምረን ግን ሪፈር ያደረግነው ታካሚ ነው። በሪፈር ወረቀቱ ታችኛው ክፍል ላይ ለግብረ መልስ የተተወ ቦታ አለ። ሆስፒታሉ ምን አገኘ፣ እኛ ካሰብነው በምን ተለየ፣ ወደ እኛ ሲመለስ ምን እንከታተል? ያ ቦታ ተሞልቶ የሚመለሰው አልፎ አልፎ ነው። ሲመለስ በመዝገቡ ላይ ከዚያ ታካሚ ስም አጠገብ እናያይዘዋለን፤ ውይይቱም ከሱ ይጀምራል። ካልመጣ ታካሚውን ለክትትል ሲመጣ የመውጫ ካርዱን እንዲያሳየን እንለምነዋለን፣ ወይም የጤና ኤክስቴንሽኗ ቤቱ ሄዳ ትጠይቃለች። የሲፒዲ ነጥብ የሚሰጡ አካላት እንዲህ ዓይነቱን ውይይት ቢቆጥሩልን፣ ሆስፒታሎችም ሦስት መስመር ጽፈው ቢመልሱልን፣ ለኮሶዬ ጤና ጣቢያ ከማንኛውም አዳራሽ የበለጠ ይጠቅመዋል። የሚጠይቀው ወጪ አንድ እስክሪብቶና የአንድ ሐኪም ጥቂት ደቂቃ ነው።